የተከለለ ተሽከርካሪ፤ ራዲዮአክቲቭ ቁስ በሕዝብ መንገድ የተጓዘበት ታሪክና ለትምህርት ቤቶቻችን ያለው ትርጉም

መግቢያ

አንድ ኅብረተሰብ ምን እንደሚያጓጉዝና እንዴት አድርጎ እንደሚጭን የተመለከተ ሰው የዚያን ኅብረተሰብ የዕውቀት ደረጃ በብዙው ሊገምት ይችላል። ነጋዴ ነጭ ጋዝና ጤፍ በአንድ ጀርባ እንደማይጫኑ ያውቃል፤ ይህን ያወቀው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከከሰረ ጭነት ነው። የነገሥታት ነጋሪት በተለዩ በቅሎዎች ይጫን እንደ ነበረም የታሪክ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ያስተምራሉ። ጭነትን ለይቶ፣ ለጭነቱም ማጓጓዣን ለይቶ መመደብ ለአገራችን እንግዳ ሐሳብ አይደለም። እንግዳ የሆነው ሽታ፣ ቀለም፣ ድምፅና ሙቀት የሌለው አደጋ በመንገድ ላይ ሊያልፍ የሚችል መሆኑ ነው።

ጉለሌ በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኝ፣ የመንገድን ታሪክ ለማስተማር የሚመች ሠፈር ነው። በሽሮ ሜዳ ቁልቁለት የባሕር ዛፍ ማገዶ በጀርባቸው የተሸከሙ ሴቶች ሲወርዱ፣ ከጎናቸው የጫኑ አህዮችና የጭነት መኪናዎች ያልፋሉ። ወደ ጎጃም የሚያደርሰው አውራ ጎዳና በአዲሱ ገበያ አድርጎ ወደ ሱሉልታ የሚወጣው በዚሁ ነው። ቀድሞ የፓስተር ተቋም ይባል የነበረውና ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የተሰኘው ድርጅት፣ እንዲሁም የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በዚሁ ክፍለ ከተማ ይገኛሉ። እንግዲህ በአንዱ ማለዳ ባለ ቢጫ ምልክት መኪና በዚህ መንገድ ቢያልፍ፣ ከመንገዱ ዳር የቆመው ተማሪ ምልክቱን አይቶ ምን ይረዳል? ይህ ጽሑፍ ራዲዮአክቲቭ ቁስ በሕዝብ መንገድ የተጓጓዘበትን ታሪክ በአጭሩ በመቃኘት ይህን ጥያቄ ለመመለስ ይሞክራል። የዓመታቱ አቆጣጠር፣ ከአዋጅ ቁጥሮች በስተቀር፣ በአውሮፓውያን ነው።

የመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች

የራዲዮአክቲቭ ቁስ የጉዞ ታሪክ በጭነት መኪና አልተጀመረም። በመስከረም 1914 የጀርመን ጦር ወደ ፓሪስ በተቃረበ ጊዜ፣ ማሪ ኩሪ በቤተ ሙከራዋ የነበረውን 1 ግራም ራዲየም በእርሳስ ሣጥን አድርጋ፣ መንግሥት ወደ ሸሸበት ወደ ቦርዶ ከተማ ከሌሎች መንገደኞች ጋር በባቡር ወሰደችው። ሣጥኑ 20 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1921፣ በአሜሪካ ሴቶች መዋጮ የተገዛው ሌላ 1 ግራም ራዲየም በዋይት ሐውስ በፕሬዚዳንት ሃርዲንግ እጅ ሲበረከትላት፣ ለመጓጓዣ የተዘጋጀው በእርሳስ የተለበጠ ሣጥን 50 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። በዚያ ዘመን ጥንቃቄው የአዋቂው የግል ጥንቃቄ እንጂ የሕግ ግዴታ አልነበረም። አጠገብ የተቀመጠው መንገደኛ ስለ ሣጥኑ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ የሚነግረውም ሕግ አልነበረም።

የሚገርመው፣ መንግሥታትን ወደ ደንብ ማውጣት ከገፋፉት ነገሮች አንደኛው የሰው ጤንነት ሳይሆን የፎቶግራፍ ፊልም መሆኑ ነው። በ1930ዎቹ በአሜሪካ ራዲየም ከፊልም ጋር በአንድ የፖስታ ጭነት ሲጓዝ ፊልሙ ገና ሳይነሣበት ጠቁሮ ይገኝ ስለ ነበር፣ ከአምራቾች በኩል ቅሬታ ቀረበ። ከዚህ የተነሣ ጨረር የሚያመነጭ ዕቃ ከሌላ ዕቃ ተለይቶ በተወሰነ ርቀት መቀመጥ እንዳለበት የሚያዝ አስተሳሰብ በማጓጓዣ ደንብ ውስጥ ገባ። ፊልሙ ያልተጠራ ምስክር ሆኖ፣ ዓይን ያላየውን አሳየ ማለት ይቻላል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ ከግራም ወደ ንግድ ተሻገረ። በነሐሴ 1946 ከኦክ ሪጅ የአቶሚክ ማዕከል የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ አይሶቶፕ፣ ካርቦን 14፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ ለሚገኝ የካንሰር ሆስፒታል ተላከ። በ1951 ደግሞ በካናዳ ሁለት ከተሞች በኮባልት 60 የሚሠሩ የካንሰር ማከሚያ መሣሪያዎች ሥራ ጀመሩ። ይህ ዓመት ለርዕሳችን ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱም ኮባልት 60 በየ5.27 ዓመት ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ዛሬ 100 የነበረው ከ5.27 ዓመት በኋላ 50፣ ከ10.54 ዓመት በኋላ 25 ይሆናል። ስለዚህ የኮባልት መሣሪያ የገዛ ሆስፒታል መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን ጉዞንም ገዝቷል፤ አዲሱ ምንጭ በየጊዜው መምጣት፣ የደከመውም መሄድ አለበት።

መከለል ማለት ምን ማለት ነው?

ዓለም አቀፍ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በ1957 ሲቋቋም ኢትዮጵያ በዚያው ዓመት አባል ከሆኑት አገሮች አንዷ ነበረች። ኤጀንሲው በ1961 ራዲዮአክቲቭ ቁስ በሰላም ስለሚጓጓዝበት ሁኔታ የመጀመሪያውን ደንብ አወጣ፤ ደንቡም በየጊዜው እየተሻሻለ የብዙ አገሮች ሕግ መሠረት ሆኗል። ለርዕሳችን ዋና የሆነው ሐሳብ በዚህ ደንብ ውስጥ ይገኛል፤ ይኸውም አንድ ተሽከርካሪ ለአንድ ላኪ ጭነት ብቻ ተከልሎ፣ ሌላ ዕቃ ሳይቀላቀልበት፣ መጫኑም ማራገፉም በላኪው ወይም በተቀባዩ መመሪያ ብቻ እንዲከናወን የሚደነግገው ክፍል ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ግምት መታረም ይኖርበታል። ብዙ ሰው የተከለለ ተሽከርካሪ ሲባል በብረት የታጠረ፣ ለዚህ ተግባር ብቻ የተሠራ መኪና ይመስለዋል። መከለል ግን በዋናው የሥርዓት ነገር ነው። ጥንካሬው የሚጠበቀው ከመኪናው ሳይሆን ከመያዣው ነው። ከፍተኛ ኃይል ያለው ምንጭ የሚጓዝበት መያዣ ከ9 ሜትር ከፍታ በማይበገር ወለል ላይ ተጥሎ፣ ከ1 ሜትር ከፍታ በቆመ የብረት ዘንግ ላይ ወድቆ፣ ከዚያም ለ30 ደቂቃ በ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እሳት ተቃጥሎ ይዘቱን እንደማያፈስ መረጋገጥ አለበት። በ1970ዎቹ በአሜሪካ መያዣ የጫኑ ከባድ መኪናዎች ሆን ተብሎ ከኮንክሪት ግንብ ጋር እንዲጋጩ ተደርጓል። በሐምሌ 1984 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚበርር ባቡር ሐዲድ ላይ በተጋደመ መያዣ ላይ በሕዝብ ፊት ተለቆ፣ ባቡሩ ሲሰባበር መያዣው ሳይከፈት ቀርቷል።

ታዲያ መያዣው ይህን ያህል ጠንካራ ከሆነ ተሽከርካሪውን መከለል ለምን አስፈለገ? መያዣው ይዘቱን እንጂ ጨረሩን ሙሉ በሙሉ አያግድምና ነው። የጋማ ጨረር በእርሳስ ውስጥ ሲያልፍ ይዳከማል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም። በደንቡ መሠረት በተከለለ ተሽከርካሪ ውጫዊ ገጽ ላይ የጨረሩ መጠን በሰዓት ከ2 ሚሊሲቨርት፣ ከተሽከርካሪው ጎን 2 ሜትር ርቆ ደግሞ ከ0.1 ሚሊሲቨርት መብለጥ የለበትም። ለሕዝብ አባል በዓመት የተወሰነው መጠን 1 ሚሊሲቨርት ነው። መምህሩ ከዚህ ተነሥቶ ከተማሪዎቹ ጋር ቀላል ሒሳብ ሊሠራ ይችላል። የተፈቀደውን ከፍተኛ መጠን የሚያወጣ መኪና በ2 ሜትር ርቀት ለአንድ ደቂቃ ያህል በአጠገቡ የቆየበት ተማሪ የዓመቱን ወሰን አንድ ስድስት መቶኛ ይቀበላል፤ ይህም እጅግ አነስተኛ ነው። ያው መኪና ግን በአዲሱ ገበያ የተሽከርካሪ መጨናነቅ ገጥሞት ለግማሽ ሰዓት ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ቢቆም፣ ባለሱቁ የዓመቱን ወሰን አንድ ሃያኛ ይቀበላል። መከለል፣ የጉዞን ሰዓት መምረጥ፣ መንገዱን አስቀድሞ ማጥናትና መኪናውን ያለ ጠባቂ አለማቆም የሚያስፈልጉት ስለዚህ ነው። የመከላከያው ሦስት ምሰሶዎች ጊዜን ማሳጠር፣ ርቀትን ማስፋትና ጋሻን ማወፈር ናቸው፤ መያዣው ሦስተኛውን ሲፈጽም፣ ሁለቱን የሚፈጽመው የጉዞው ሥርዓት ነው።

ያልተከለሉ ማጓጓዣዎች

ታሪክ የሚያስተምረው ሥርዓቱ በተፈጸመበት ጉዞ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም በተጓደለበት ነው። በታኅሣሥ 1983 በሜክሲኮ በሲውዳድ ኹዋሬዝ ከተማ፣ በመጋዘን ተጥሎ የቆየ የኮባልት 60 ማከሚያ መሣሪያ ተፈታትቶ በአነስተኛ የጭነት መኪና ወደ ብረታ ብረት መሸጫ ተወሰደ። የምንጩ ዕቃ በመበሳቱ 6,000 ያህል ጥቃቅን የኮባልት ቅንጣቶች በመኪናው ላይና በመሸጫው ግቢ ተበተኑ። መኪናው ተበላሽቶ በመኖሪያ ሠፈር መንገድ ላይ ለሳምንታት ቆመ፤ ልጆችም ተጫወቱበት። ብረቱ ቀልጦ የቤት መሥሪያ ፌሮና የጠረጴዛ እግር ሆነ። ነገሩ የታወቀው በጥር 1984 አንድ ፌሮ የጫነ መኪና በአሜሪካ በሎስ አላሞስ ማዕከል በር አጠገብ ሲያልፍ የጨረር መለኪያው በመጮኹ ነው። ከዚያ በኋላ በተበከለው ፌሮ የተሠሩ በመቶ የሚቆጠሩ ቤቶች እንዲፈርሱ ግድ ሆነ።

በመስከረም 1987 በብራዚል በጎያኒያ ከተማ የደረሰው ከዚህ የከፋ ነው። ሥራ ካቆመ የሕክምና ቤት የተተወ የሲዝየም 137 መሣሪያ ክፍል በሁለት ሰዎች ተፈትቶ በእጅ ጋሪ ተወሰደ፤ ለብረት ነጋዴም ተሸጠ። ውስጡ የነበረው ዱቄት በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጥ ስለ ነበር፣ እንደ ብርቅ ነገር ተቆጥሮ ለዘመድና ለጎረቤት ታደለ። ሰዎች መታመም በጀመሩ ጊዜ የችግሩን ምክንያት የጠረጠረች አንዲት ሴት የቀረውን በከረጢት አድርጋ፣ በሕዝብ አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ጤና ጽሕፈት ቤት ወሰደችው። ከ112,000 በላይ ሕዝብ ተመረመረ፤ 249 ሰዎች ተበክለው ተገኙ፤ አራት ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም አንዷ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች።

በታኅሣሥ 2013 እንደገና በሜክሲኮ፣ የደከመ የኮባልት ምንጭ ከሆስፒታል ወደ ማከማቻ ሲያጓጉዝ የነበረ መኪና፣ ሾፌሩ በነዳጅ ማደያ አጠገብ አርፎ ሳለ ተዘረፈ። ዘራፊዎቹ የፈለጉት መኪናውን እንጂ ጭነቱን አልነበረም። ምንጩ ከሁለት ቀን በኋላ ከመያዣው ወጥቶ በሜዳ ላይ ተገኘ።

ሦስቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ አንባቢ አንድ የጋራ ነገር ያገኛል። አንዳቸውም አዲስ ምንጭ ወደ ሆስፒታል ሲገባ የደረሱ አይደሉም፤ ሁሉም የደረሱት አሮጌው ከአገልግሎት ከወጣ በኋላ ነው። ምንጩ ሲመጣ ውድ ዕቃ ነውና ባለቤት፣ ሰነድና አጃቢ አለው፤ ሲሄድ ግን ባለቤቱ ሊረሳው የሚፈልገው ሸክም ይሆናል። በሒሳብ ደክሟል የተባለው ምንጭ ለሕክምና ደከመ እንጂ ለመግደል አልደከመም። እንግዲህ የተከለለው ተሽከርካሪ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ለመልሱ ጉዞ ነው።

የአገራችን ሁኔታ

በአገራችን ይህን መስክ የሚቆጣጠር ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 79/1986 ነው። ይህም በአዋጅ ቁጥር 571/2000፣ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 1025/2009 ተተክቶ ተሻሽሏል፤ የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ተግባርም ከጊዜ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ተዛውሯል። ይህን ሕግ ማወቅ የባለሙያ ብቻ ተግባር መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ቁሱ በመካከላችን አለ።

በ1997 ሥራ የጀመረው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና ማዕከል ለረዥም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው ሆኖ በኮባልት 60 መሣሪያ አገልግሏል። ኢትዮጵያ ኮባልት 60 የሚመረትበት ሪአክተር ስለሌላት ምንጩ ከውጭ አገር መምጣት አለበት፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ ወይም ከወደብ እስከ ሆስፒታሉ በር ያለው ጉዞም በሕዝብ መንገድ ነው። በቅርብ ዓመታት በአገራችንም አገልግሎት መስጠት የጀመሩት ሊኒየር አክስለሬተሮች ራዲዮአክቲቭ ምንጭ የላቸውም፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ጨረራቸውም ይቋረጣል። ይህ ዕድገት የመምጫውን ጉዞ ያስቀራል፤ የአሮጌውን ኮባልት የመሄጃ ጉዞ ግን አያስቀርም፤ እንዲያውም ያፋጥነዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከሕክምና ይልቅ ለዓይን የቀረበ ነው። በመንገድ ሥራ ላይ የአፈርና የአስፋልትን ጥቅጥቅነትና እርጥበት ለመለካት የሚያገለግለው መሣሪያ በአብዛኛው ጥቂት ሲዝየም 137ና አሜሪሲየም 241 ይይዛል። በአነስተኛ መኪና ጀርባ በሣጥን ተቆልፎ ከአንድ የሥራ ቦታ ወደ ሌላው ይጓዛል። ኃይሉ ከሕክምናው ምንጭ ጋር የማይወዳደር ቢሆንም፣ ሲዝየም 137 በግማሽ ለመቀነስ 30 ዓመት፣ አሜሪሲየም 241 ደግሞ 432 ዓመት ይፈጃል። ሣጥኑ ቢሰረቅ ሌባው ይረሳዋል፤ ሣጥኑ ግን አይረሳም።

ሦስተኛው ምሳሌ በተቃራኒው ፍርሃትን የሚያስወግድ ነው። በ2007 በቃሊቲ በተመረቀው የቆላ ዝንብ ማርቢያና ማምከኛ ማዕከል ወንዶቹ ዝንቦች በጋማ ጨረር መክነው ወደ ደቡብ ስምጥ ሸለቆ እንዲጓዙ ታቅዷል። በጨረር የተመታ ዝንብ ራሱ ጨረር አመንጪ አይሆንም፤ ስለዚህ ዝንቦቹን የያዘው መኪና ቢጫ ምልክት አያስፈልገውም። በኮባልት መሣሪያ የታከመ የካንሰር ሕመምተኛም እንዲሁ ነው፤ በታክሲ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው የሚፈራው ነገር የለም። ራዲዮአክቲቭ አዮዲን 131 በብዛት የወሰደ ሕመምተኛ ግን በሐኪሙ መመሪያ ለጥቂት ቀናት ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች እንዲርቅ ይመከራል፤ የአዮዲኑ ግማሽ ዕድሜ 8 ቀን ነውና። በጨረር መመታትንና ጨረር መያዝን ያልለየ ትምህርት ሕመምተኛን ያለ ጥፋቱ ያስገልላል፤ በዚያው መጠን ደግሞ እውነተኛውን ምንጭ በቸልታ ያሳልፋል።

ከዚህ በኋላ ወደ ጉለሌ ልጆች እንመለስ። በሠፈራችን በየማለዳው ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያልፈው ቆራሌው አሮጌ ብረት፣ ጠርሙስና ፕላስቲክ ይገዛል፤ ልጆችም ያገኙትን ለቅመው ይሸጡለታል። ብረቱ ከዚያ ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ፣ ከዚያም ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። ይህ ሐቀኛ መተዳደሪያ ነው፤ በኹዋሬዝና በጎያኒያ የነበረውም ሰንሰለት ከዚህ ብዙ አይለይም። ከመጠኑ በላይ የሚከብድ፣ ባለ ሦስት ክንፍ ምልክት ያለበት የብረት ዕቃ ለቆራሌው ከመሸጡ በፊት የሚያየው የመጨረሻ ሰው ተማሪ ሊሆን ይችላል።

ለሥርዓተ ትምህርት የሚቀርብ ሐሳብ

በዓለም ዙሪያ በተደረገ ጥናት ባለ ሦስት ክንፉን ምልክት የሚያውቀው ሰው ጥቂት መሆኑ በመረጋገጡ፣ ኤጀንሲውና የዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት ኬንያን ጨምሮ በ11 አገሮች ሕዝብ ዘንድ የተሞከረ ተጨማሪ ምልክት በ2007 አወጡ። በቀይ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ጨረር፣ የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው ይታያሉ። ይህ ምልክት ግን የሚለጠፈው ከፍተኛ ኃይል ባለው መሣሪያ ላይ እንጂ በተሽከርካሪ ላይ አይደለም። በተሽከርካሪው ጎኖችና ኋላ የሚለጠፈው ከላይ ቢጫ ከታች ነጭ የሆነ፣ ባለ ሦስት ክንፍ ምልክትና 7 ቁጥር ያለበት ባለ አራት ማዕዘን ሰሌዳ ነው። ስለዚህ ተማሪው ሁለቱንም ለይቶ ማወቅ አለበት።

ይህን ለማስተማር አዲስ የትምህርት ዓይነት መፍጠር አያስፈልግም። በመጀመሪያ ደረጃ በአካባቢ ሳይንስ ከመንገድ ምልክቶች ጋር ሁለቱ ምልክቶች በሥዕል ቢቀርቡ ይበቃል፤ የሚጠናውም አጭር ነው፤ አትንካ፣ ራቅ፣ ለታላቅ ንገር። በሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ የግማሽ ዕድሜ ስሌት በኮባልትና በሲዝየም ሊሠራ ይችላል። በፊዚክስ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የጨረር መጠን ወደ ሩብ እንደሚወርድ በአንድ አምፖልና በነጭ ወረቀት ማሳየት ይቻላል። በታሪክ ትምህርት ደግሞ የጎያኒያና የኹዋሬዝ ታሪክ፣ ዕውቀት ሳይዳረስ የተስፋፋ መሣሪያ የሚያስከትለውን ጉዳት ለማስረዳት ከብዙ ንግግር ይሻላል። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት በኩል አስቀድሞ መምህሩ ራሱ በጨረር የተመታውንና ጨረር አመንጪውን እንዲለይ ማድረግ ያስፈልጋል፤ መምህሩ ያልለየውን ተማሪው አይለይምና።

የዕቅድ ባለሙያዎችም ድርሻ አላቸው። የአዲስ ሕክምና ማዕከል ዕቅድ ሲነደፍ የአሮጌው ምንጭ የመልስ ጉዞ ወጪ፣ ተሽከርካሪና አጃቢ በዚያው በመጀመሪያው በጀት መካተት አለባቸው። የሚመለስበት መንገድ ያልታሰበበት ዕቃ በመጋዘን ይረሳል፤ የተረሳውም ዕቃ አንድ ቀን በእጅ ጋሪ ይወጣል።

መደምደሚያ

ከማሪ ኩሪ የባቡር ሣጥን እስከ ዛሬው ባለ ሰሌዳ መኪና ያለው የመቶ ዓመት ታሪክ፣ ጥንቃቄ ከአንድ ሰው ሕሊና ወደ ሕግ፣ ከሕግም ወደ መያዣና ወደ ተሽከርካሪ የተሸጋገረበት ታሪክ ነው። የቀረው እርምጃ ከተሽከርካሪው ወደ መንገድ ዳር ሰው መሻገር ነው። ሹፌሩ ይሠለጥናል፤ መያዣው ይፈተናል፤ ሰሌዳውም ይለጠፋል። ሰሌዳ ግን ለሚያነብ ሰው ካልሆነ በቀር ቀለም ብቻ ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት በዓይን ለሚታየው እሳት ነበር፤ ለማይታየው እሳት ደግሞ ቅጠሉ ትምህርት ነው። ይህም በመምህሩ እጅ ይገኛል።